ከኮርስ ዝርዝሩ በፊት ዲዩቲው

ደሴ ውስጥ 9 ዓመት ዋርድ ላይ የሠራች ነርስ ጽፋልኛለች። አንድ የግል ኮሌጅ ሥራ ላይ ላሉ ነርሶች የቅዳሜና እሁድ የዲግሪ ፕሮግራም ሊከፍት ነው፤ እሷም ለአስተባባሪነት አመልክታለች። «ተማሪን ማዕከል ያደረገ ንድፍ ይዘሽ ለኢንተርቪው ነይ ተባልኩ። እኔ ደግሞ አስተምሬ አላውቅም» ትላለች።

እህቴ፣ አብሽሪ። አዲስ ምሩቅ ዋርድ ሲመጣ አይቪ ላይን (በደም ሥር ፈሳሽ መስጫ) አከፋፈት የሚያሳየው ማን ሆነና ነው?

የኮርስ ዝርዝር ይዘሽ አትሂጂ፤ እሱ ካሪኩለሙ ላይ አለ። የዲዩቲ ፕሮግራም፣ ማለትም ተማሪ የሚሆኑት ነርሶች ተረኛ የሚሆኑበትን የሥራ ሰዓት፣ ይዘሽ ሂጂ። ዓርብ ናይት የገባች ነርስ ቅዳሜ የምትወጣው ጠዋት 2፡00 ነው፤ ያውም ተረካቢዋ በሰዓቱ ከደረሰች። ኮምቦልቻ የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ደሴ ለመድረስ ገና የሀረጎን ዳገት መውጣት አለባት። በክረምት ጉም ሚኒባሱ እንዴት እንደሚጎተት ታውቂዋለሽ። 2፡30 ላይ ስም ጠርተሽ «ቀሪ» ብትያት ግፍ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አሥር የሚሆኑ ነርሶችን ቡና ላይ ጠይቂ። መቼ ታነባላችሁ? ዋርድ ላይ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው? መልሱን አንድ ገጽ ላይ አስፍሪው። ንባቡና የድምፅ ማብራሪያው በቴሌግራም ይላክ፤ ክላሱ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ለልምምድና ለውይይት ይዋል።

የሚያውቁትንም ደግመሽ አታስተምሪያቸው። እኔ አንዴ ሁለት ቀን ሙሉ ስላይድ የሚያነብልን አሠልጣኝ ገጥሞኝ ነበር፤ ዛሬ የማስታውሰው ማኪያቶውን ብቻ ነው። አንቺ ከኬዝ ጀምሪ። «1 ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ተብሏል፤ የአይቪ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው። በደቂቃ ስንት?» መልሱ 42 ገደማ ነው። ያወቀው ወደሚቀጥለው ይለፍ። በዓይን ግምት የለመደው ግን ይደነግጣል፤ የዚያን ጊዜ መማር ይፈልጋል። ለተግባር ልምምድ ደግሞ የራሳቸውን ዋርድ አትስጫቸው። ሰርጂካል (ቀዶ ሕክምና) ዋርድ ያረጀችው ሕፃናት ክፍል ትግባ።

ተማሪን ማዕከል ማድረግ ማለት ግን ማቅለል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ፈተናው ደግሞ ናይት አድራለች ብሎ አያዝንላትም። ንድፍሽ ላይ በየሴሚስተሩ አጫጭር የሙከራ ፈተናዎች ይኑሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺ ጠይቂያቸው። ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቷል? ወረቀቱን በዓይንሽ እይው። እስከዚያና ውል እስክትፈርሚ ድረስ የሆስፒታሉን ሥራ እንዳትለቂ።