የእናትየው ነጠላ ለምን ካርቶን መሰለ?

ጥያቄው የመጣው ኮምቦልቻ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈተ ዓመት ካልሞላው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ የደንበኛዬ እናት በሠርጉ ዕለት ታመው አልተገኙም። ደሴ ከተነሡት ሌላ ፎቶ ቆርጬ ከሙሽራው ጎን አቆምኳቸው። ያየው ሁሉ ግን ‹የተለጠፈ ነው› ይላል። ነጠላቸው ካርቶን መሰለ፤ ጠርዙም አረንጓዴ ሆነ። አቆራረጤ ይሆን?» ይላል።

ፎቶዎቹን አየኋቸው። አቆራረጥህ ደህና ነው፤ የሚያስበላህ ጥላው ነው። ሠርጉ የተነሣው በኮምቦልቻ ፀሐይ፣ ብርሃኑ ከግራ እየመታ ነው። የሙሽራው ጥላ መሬት ላይ ወደ ቀኝ ተዘርግቷል። አንተ እናትየውን ያቆምካቸው ልክ ጥላው ላይ ነው፤ ጥላው ግን እግራቸው ሥር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ጠፋ። እውነት ቆመው ቢሆን ኖሮ ቀሚሳቸው ላይ ይወጣ ነበር። ተመልካች ይህን በቃል አይነግርህም፤ ዓይኑ ግን ይይዘዋል።

እንግዲህ በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም በፎቶሾፕ ከእናትየው በላይ አዲስ ሌየር (እንደ ብርጭቆ ከላይ የሚነባበር ንብርብር) ክፈት፤ አልት ተጭነህ በሁለቱ ሌየሮች መካከል ጠቅ አድርግ፣ ቀለሙ ከእርሳቸው አይወጣም። ሁነታውን መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁረውን) አድርገህ የሙሽራውን ጥላ ከመሬት ወደ ቀሚሱ አውጣው። ከዚያ ከእናትየው በታች በሌላ ሌየር የራሳቸውን ጥላ ሥራ። ጫማው ሥር ጠቆር ያለና ጠርዙ ጥርት ያለ ይሁን፤ እየራቀ ሲሄድ ይለስልስ። ጥቁር ቀለም አትጠቀም፤ ቀለሙን ከሙሽራው ጥላ ላይ ናሙና ውሰድ።

በአንድ ነገር ዕድለኛ ነህ። የእናትየው ፎቶ የጦሳ ጉም በወረደበት ጠዋት የተነሣ ነው፤ ፊታቸው ላይ ጠንካራ ጥላ የለም። ለስላሳ ብርሃንን ማጠንከር ይቻላል፤ በተቃራኒው ቢሆን ግን ሥራውን መልስ እልህ ነበር። ሁለት ከርቭስ (የብርሃን ማስተካከያ ሌየር) ጨምር፤ አንዱ የሚያደምቅ፣ ሌላው የሚያጠቁር። የሁለቱንም ማስክ (ሌየሩ የት እንደሚታይ የሚወስነውን ሽፋን) በጥቁር ሙላና በነጭ ብሩሽ የሚያደምቀውን በግራ ጉንጫቸውና ትከሻቸው፣ የሚያጠቁረውን በቀኛቸው በኩል ቀስ እያልክ ግለጥ። ግራ የምልህ በፎቶው ላይ እንደምናየው ነው። የደሴ ጉም ሰማያዊነት ስላለው ትንሽ ቢጫ ጨምርበት። ልኩ ሲጠፋህ ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ የጥቁርና ነጭ ማስተካከያ ሌየር አድርግ። ቀለሙ ሲጠፋ የብርሃኑ ልዩነት ፈጥጦ ይወጣል። አስተካክለህ ስትጨርስ አጥፋው።

አሁን ወደ ነጠላው። በፎቶሾፕ ላጲስ እንደቆረጥክ ያስታውቃል። ላጲስ የበላው አይመለስም፤ ከዋናው ፎቶ ጀምርና በማስክ ሥራ። እኔ ሥራውን ስለምድ በመቀስ ቆርጠን፣ በሙጫ ለጥፈን፣ መልሰን ፎቶ እናነሣው ነበር፤ መቀስ አንዴ ከቆረጠ መመለስ የለም። ፎቶሾፕ ሌየር ያገኘው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ መቀስ መኮረጅ ምን ይሠራል? ማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይሰውራል፣ ግራጫ ደግሞ በከፊል ያሳልፋል። ነጠላ ስስ ነው። ከትከሻ ወርዶ በአየር ላይ የተንጠለጠለው ክፍል ከኋላው ያለውን ያሳያል፤ እዚያ ላይ ለስላሳ ብሩሽ በጥቁር ቀለም፣ ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍነት) 20 በመቶ አድርገህ ደጋግመህ እለፍበት። ከኋላው ቀሚስ ያለበትን አትንካ። ጥለቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እርሱንም ተወው።

የጠርዙ አረንጓዴ ደሴ ሲነሡ ከኋላቸው ከነበረው ግድግዳ የመጣ ነው፤ ከፊሉ በስሱ ጨርቅ አልፎ የታየ፣ ከፊሉ ተንጸባርቆ ያረፈ። ሁነታው ከለር በሆነ ሌየር፣ ከነጠላው ንጹሕ ቦታ በወሰድከው ቀለም ቀባው። ብርሃኑና እጥፋቱ ሳይነካ አረንጓዴው ብቻ ይሄዳል።

ደንበኛዋ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ትፈልጋለች ብለሃል። በ300 ፒክስል በኢንች 3543 በ4724 ፒክስል ይጠይቃል። የእናትየው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ስለተላከ ተጨምቆ ደርሶሃል፤ ዋናውን እንደ ፋይል እንዲልኩልህ ጠይቅ። የስልክና የካሜራ ጥራት ስለሚለያይም መጨረሻ ላይ በለሰለሰው ላይ ትንሽ ኖይዝ (እንደ አሸዋ ያለ ቅንጣት) ጨምር።

ዋናው ፋይል እስኪደርስህ ድረስ ጥላውን በዚሁ ተለማመድ። ነጠላውን ግን አትጀምር፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅብሃል፤ ሁለቴ ልትሠራው አትፈልግም።