ከኮምቦልቻ አፍዴራ በአንድ ቀን ይገባል ወይ?

ወንድማችን የጠየቁት፣ ከባሕር ዳር በሁለት መኪና ከነቤተሰብ ተነሥተው በደብረ ታቦርና በወልድያ አድርገው ኮምቦልቻ ካደሩ በኋላ፣ በማግስቱ ማለዳ ተነሥተው አፍዴራ ሐይቅ በዚያው ቀን መግባት ይቻል እንደሆነና ምን ያህል ውሃና ነዳጅ መያዝ እንደሚገባቸው ነው። መስመሩን ደጋግሜ ስለተመላለስሁበት መልሴ አጭር ነው፤ መድረሱ ይደረሳል፣ ነገር ግን አያድርጉት፣ ሰመራ ይደሩ። የበረሃ ጉዞ ዕለት የሚታቀደው በኪሎ ሜትር ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ የት እንደምንሆንና ፀሐይ ሳትጠልቅ የት እንደምንገባ በማስላት ነው።

ከኮምቦልቻ ጠዋት 12 ሰዓት ቢነሡ፣ የባቲን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያግሉ፣ ረጋ ብለው ወርደው፣ ከሚሌ ጀምሮ ደግሞ በጅቡቲው መንገድ ከተሳቢ መኪኖች ጋር እየተጋፉ ሎግያና ሰመራ ሲደርሱ ቀኑ እኩል ይሆናል። ሰኞ ከሆነ የባቲ ገበያ ስለሚውል መንገዱ በሰውና በከብት ይሞላል፤ ጉዞውን ሰኞ ላይ ባያውሉት ይሻላል። እንግዲህ ከሰርዶ ወደ ሰሜን ተገንጥሎ የጨው መኪኖች የሚመላለሱበት የአፍዴራ መንገድ የሚጀመረው በቀኑ ሙቀት ላይ ነው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሰውም ጎማም ሞተርም ይዝላል፤ አንድ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ሞተር ቢግል የሚያጠፉት ጊዜ ምሽቱን መንገድ ላይ ያመጣዋል። በሌሊት ደግሞ ግመሉና ፍየሉ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ የተበላሸ ከባድ መኪና መብራት ሳይኖረው ከኋላው ድንጋይ ብቻ ተደርድሮለት ቆሞ ይገኛል። ልጆች ይዞ በዚህ ውስጥ መንዳት ፈጽሞ አያስፈልግም።

ሙቀቱን በባሕር ዳር መጠን እንዳይገምቱት አደራ እላለሁ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ባሕር ዳርም ሆነ ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ አፍዴራ ግን ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እኛ ጣና ዳር 27 ዲግሪ ሲሆን ሞቀ የምንለው ቀን እዚያ 40 ይሆናል። ከዚያ አልፎ ያለው ዳሎል በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት፣ ሌሊቱም ቀኑም ተደምሮ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። ብዙዎቻችን ቤተሰብ ይዘን የምንወጣው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ስለሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ በእኛ አገር ዝናብና ብርድ ቢሆንም በአፋር ቆላ ግን ከባድ የሙቀት ወቅት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ለምሳሌ በገና ሰሞን፣ ቢያደርጉት ልጆቹም ይደሰቱበታል።

ስለ ጎማ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም በዚህ መስመር ከሁሉ የሚበልጠው ጣጣ እሱ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ግማሹን ጠጥተው ጥብቅ አድርገው የከደኑት ሃይላንድ ሚሌ ሲደርስ ጎኑ ተጨማዶ ያገኙታል፤ በቆላው ያለው የአየር ግፊት ከላይ ከነበረው ስለሚበልጥ ነው። በዚሁ ምክንያት ባሕር ዳር የተሞላ ጎማ ቆላ ላይ በመለኪያው ሲታይ ይቀንሳል፣ በሙቀቱ ምክንያት ደግሞ መልሶ ይጨምራል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር የተነበበውን ቁጥር ሰመራ ላይ አይመኑት። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ገና ሳይነዳ፣ በማለዳ ይለኩና ያስተካክሉ። ቀን ላይ የጋለው ጎማ ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢያዩት ነፋስ እንዳያወጡለት፤ በመጠኑ የሳሳ ጎማ ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ይበልጥ ይግላልና መፈንዳቱን የሚያፋጥነው ይህ ነው። በየቆማችሁበት ሁሉ አራቱንም ጎማ በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ነፋሱ እየወጣ ነው፣ ወይ ፍሬኑ ይዞታል። ለየመኪናው ሁለት እስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክና ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ጠፍጣፋ ጣውላ አይጥፋ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 6፣ ሙቀቱ ሲበረታ 8 ሊትር ለመጠጥ ብቻ ይያዝ፤ ለአንድ ትርፍ ቀንም ይደገም። በአንድ መኪና አምስት ሰው ቢኖር በ8 ሊትር ስሌት 80 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 አራት ጀሪካን ይሆናል፤ የራዲያተሩን ለብቻ ይያዙ። ጀሪካኑ ፖርቶመጋላ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ ታስሮ ይቀመጥ። ነዳጁን ሎግያ ወይም ሰመራ ሞልተው ከዚያ ወዲያ ማደያ አገኛለሁ ብለው አይቁጠሩ፤ መመለሻውን ጭምር ያስሉ። በአስፋልት በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚበላ መኪና አሸዋና ኮረት ላይ 20 ሊትር ቢበላ አይደነቁ። የናፍጣ ጀሪካን እስከ አፉ አይሞላም፤ ደጋ ላይ ቀዝቅዞ የተቀዳ ነዳጅ ቆላ ሲወርድ ያብጣል።

ስለዚህ ዕለቱን እንዲህ ይክፈሉት። የመጀመሪያውን ቀን ከኮምቦልቻ ሰመራ ገብተው፣ ከሰዓቱን ስለ አካባቢው ፈቃድ፣ ስለ አስጎብኚና ስለ መንገዱ ደኅንነት በማጣራት ያሳልፉ፤ ስለ ደኅንነቱ ከዚያው ዕለት የመጡ ሾፌሮችንም ይጠይቁ፣ ከሳምንት በፊት የተሰማ ወሬ አይበቃም። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው ሙቀቱ ሳይበረታ አፍዴራ ይግቡ። ከመነሣትዎ በፊት የመመለሻ ሰዓት ይወስኑ፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከመንገዱ እኩሌታ ካላለፉ ሁለቱም መኪኖች ወደ ሰመራ ይመለሱ። ስልክ በየቦታው ስለማይሠራ፣ ሰመራ ላይ ለሚያምኑት ሰው የምትገቡበትን ሰዓት ነግረው ይውጡ። መኪና ቢቆም ማንም ሰው እርዳታ ፍለጋ በእግሩ አይሂድ፤ ሁለተኛው መኪና ይሂድ፣ የቀሩት በመኪናው ጥላ ሥር ከውሃው ጋር ይቆዩ።