የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ትልቅ የቤንዚን መኪና ሲገዙና ሲይዙ

በዚህ ዕትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ትልልቅ የቤንዚን ላንድክሩዘርና ፓትሮል ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያለው ቀድሞ የገባው ብቻ ነው። መኪኖቹ እያረጁ ዋጋቸው ግን አልወረደም። ስለዚህ ከሞዴሉ ዓመት ይልቅ የመኪናው አያያዝ ይበልጥ ሊታይ ይገባል እንላለን።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለቤተሰብም ለመስክ ሥራም የሚሆን መኪና ልገዛ ነው። ሦስት ቀርበውልኛል፦ እ.ኤ.አ. የ2009 ላንድክሩዘር 200 ባለ 4.7 ሊትር ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር)፣ የ2014 ላንድክሩዘር 200 ባለ 4.0 ቪ6 እና የ2013 ፓትሮል ባለ 5.6 ቪ8። ሦስቱም በዱባይ በኩል የገቡ ናቸው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ከፍታውን ያስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንዱ የለም ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 270 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 4.0 ሞተር እንጦጦ ሥር ከ215 ብዙም አይበልጥም። የሚጎትተው አካል ደግሞ ከ2.5 ቶን አያንስም። ከተማ ውስጥ ይበቃል፤ ሰባት ሰውና ሙሉ ዕቃ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ማርሽ እየቀነሰ ይጮኻል።

ያም ሆኖ አብዛኛው መንገድዎ ከተማ ከሆነ ባለ 4.0ውን ይውሰዱ። ይኸው ሞተር ፕራዶ ላይም ስላለ መካኒኩ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም አይጠፋም። ቫልቮቹን የሚያስተባብረውም ሰንሰለት እንጂ በየጊዜው የሚቀየር ቀበቶ አይደለም።

በየሳምንቱ ተጭኖ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ከሆነ ባለ 4.7ቱ ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። የዚህ ሞተር ታይሚንግ ቀበቶ በ150,000 ኪ.ሜ. መቀየር አለበት። ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳየዎት እንዳልተቀየረ ይቁጠሩና ቀበቶውን፣ መወጠሪያውን፣ ሮለሮቹንና የውሃ ፓምፑን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቀበቶ ስለሆነ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከመክፈል አንድ ላይ መቀየሩ ይሻላል። ጠዋት ሲነሳ «ትክ ትክ» የሚል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ከሰሙ የጭስ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ ጭስ የሚሰበስበው ብረት) ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥና ስንጥቁ ስለሚገጥም ነው የሚጠፋው። መኪናውን አያቆመውም፤ ለድርድር ግን ይጠቅምዎታል።

ፓትሮሉ ከሦስቱ ጉልበተኛው ነው፤ ሙሉው ሞተር 400 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 7 ማርሽ አውቶማቲክ። የሚያሳስበን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ነገር የለም፤ ከጊዜ ብዛት ጥላሸት ይይዛሉ። ሁለተኛ፣ ከፍ ባሉት ደረጃዎች ላይ ያለው በዘይት ግፊት የሚሠራ ሚዛን ጠባቂ፣ ኤች ቢ ኤም ሲ የሚባለው፣ ቧንቧው ማፍሰስ ከጀመረ ጥገናው ውድ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ወይም አሞርዛተሮቹ አካባቢ እርጥብ ዘይት ካዩ፣ ይተውት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ? ሻጩ «ሞተሩ እንደ አዲስ ነው» ይላል።

መልስ፦ ለሻጩ ደውለው ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቅዎት ይንገሩት። ሲደርሱ መጀመሪያ ኮፋኖውን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ይመለሱ፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚነግርዎትን የሞቀ ሞተር ይደብቃል።

ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ቶዮታ ከሆነ ሮዝ ፈሳሽ ማየት አለብዎት። ዝገት የመሰለ ቡናማ ወይም ተራ የቧንቧ ውሃ ከሆነ የማቀዝቀዣው ክፍል ለዓመታት ተበልቷል ማለት ነው። በአገራችን ይህ ከሌላው ቦታ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተር ደግሞ በመደበኛ ሥራው ወደ 90 ይደርሳል። ፈሳሹ እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊትና ውስጡ ያለው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ጥሩ ራዲያተር እንኳ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይፈላል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ እንደገዙ ይቀይሩት።

በላንድክሩዘር 200 ላይ የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። በባትሪ መብራት እያዩ ጀርባውን በጣትዎ ይዳስሱ። የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ካገኙ እየተነፈሰ ነው። ያንኑ ቅርፊት የውሃ ፓምፑ ሥር ይፈልጉ። የዘይት ክዳኑን ገልብጠው ይዩት፤ ወተት የመሰለ አረፋ ካለበት ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ።

አሁን ይነሳ። እርስዎ ከኋላ ሆነው ጭሱን ይዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ከፊት ያለ ሌላ ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ያዳምጥ። ሰንሰለት ያለው ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ቢንኳኳ ዘይቱ እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቀጠለ መወጠሪያው ደክሟል።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ባለሙያ ይውሰዱ። ስካነሩ ስህተት የለም ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ጨርሶ እንደሆነ ያስጠይቁት፤ «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ብዙ ከሆኑ አንድ ሰው በቅርቡ ስህተቶቹን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል።

ኪሎ ሜትሩን ከዳሽቦርዱ ብቻ አይመኑ። 90,000 የሚል መኪና የፍሬን ፔዳል ላስቲኩ ካለቀ፣ መሪው ከለሰለሰና የሾፌር ወንበሩ የግራ ጠርዝ ከተቀደደ ቁጥሩ ተነክቷል። የጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም ያንብቡ፦ 2321 ካለ በ2021 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱት፤ ኤሲ ከፍተው፣ ሰልፍ ውስጥም ገብተው። ከ«ፒ» ወደ «አር» ሲያስገቡ ከአንድ ሰከንድ በላይ ከዘገየና ከዚያ ከመታ ካምቢዮው ታሟል። ከዚያ አፈር መንገድ ላይ ወጥተው ሎው ሬንጁን (ለከባድ መንገድ የሚሆነውን ዝቅተኛ ማርሽ) ያስገቡ፣ የመሐል ዲፈረንሻሉን (የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገውን) ይቆልፉ። አዲስ አበባ ብቻ የኖረ መኪና ይህን ለዓመታት ሳይጠቀምበት ስለሚቀር የሚያስገባው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ተጣብቆ ይገኛል። ሻጮች ይህን ሙከራ አይወዱትም፤ እርስዎ ግን አይተዉት።

በመጨረሻ ሥሩ ይግቡ። አዲስ የተቀባ ጥቁር ቀለም ብየዳ ይሸፍናል። በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ዲክላራሲዮኑን (መኪናው ሲገባ የተሞላውን የጉምሩክ ሰነድ) ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርልዎትም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመዘገበው መንገድ ትራንስፖርት ያረጋግጡ። በውክልና ብቻ ገዝቶ መንዳት ጭራሽ አንመክርም፤ ወካዩ ቢሞት ወይም ውክልናውን ቢሽር ገንዘብዎ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ላንድክሩዘሬ ቤንዚን ይጨርሳል። ሰዎች ቪ8 ሁሉ እንዲህ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ይለኩ። ማደያው ቀድቶ እስኪቆርጥ ይሙሉና ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፤ በቀጣዩ ሙሌት ያው ማደያ፣ ያው ፓምፕ ይሁን። 280 ኪ.ሜ. ሄደው 62 ሊትር ከገባ በ100 ኪ.ሜ. ወደ 22 ሊትር ነው። ለዚህ መኪና በከተማ ሰልፍ ከ18 እስከ 22 የተለመደ ነው። በአስፋልት ጉዞ ላይ ከ16 በላይ ከወጣ ግን ምክንያት አለው።

ጎማ ቀይረው እንደሆነ ያስታውሱ። 285/60 ባለ 18 የነበረውን በ285/65 ከተኩት የጎማው ቁመት በ3.6 በመቶ ስለሚጨምር ቆጣሪው አሳንሶ ይቆጥራል፤ 280 ያሉት ጉዞ በእርግጥ 290 ነው። እንግዲህ ከፊሉ ኪሳራ በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። ረጅም መንገድ ላይ መሐል ሳይደርስ የሚቀር ከሆነ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው ቫልቭ) ተከፍቶ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን መጨመሩን አያቆምም። ከጉዞ በኋላ እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። እነዚህ ደህና ከሆኑ ጭሱን እየለኩ የቤንዚኑን መጠን የሚያስተካክሉትን የኦክስጅን ሴንሰሮች በስካነር ያስፈትሹ።

የቤንዚኑም ነገር አለ፤ በተለይ በጀሪካን ከተገዛ። ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ዳገት ላይ ያንኳኳዋል። ከእሳት ርቀው ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፤ ቅባታማ ክብ ከቀረ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሏል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ዓባይ በረሃን ስወርድ ፍሬኑ ይሸታል፣ ፔዳሉም ይለሰልሳል።

መልስ፦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ያን ሁሉ በፍሬን ሸራ ብቻ መያዝ አይቻልም። ከመውረድዎ በፊት ማርሹን በእጅ ወደ ሦስተኛ፣ ካስፈለገም ወደ ሁለተኛ ያውርዱ። ፍሬኑን ጫን አድርገው ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ ይልቀቁት፤ እግርዎን አስደግፈው አይውረዱ። የፔዳሉ መለስለስ ግን የፍሬን ዘይቱ ውሃ መሳቡን ያሳያል፤ ውሃው ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ። ይህን ሳያደርጉ እንደገና እንዳይወርዱ አደራ እንላለን።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ የድሮው ፓትሮል ባለ 4.8 አለኝ። አራቱንም ጎማ አስገብቼ አስፋልት ላይ ብነዳው ጉዳት አለው? ሲቆምና ሲነሳም ከሥር «ደንግ» ይላል።

መልስ፦ አለው። የእርስዎ ፓትሮል የመሐል ዲፈረንሻል የለውም። ጥምዝ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት አይሄዱም፤ አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ይለቃል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጭነቱ በማርሹና በአክስሉ ላይ ይቀራል። አሸዋ፣ ጭቃና ልቅ ጠጠር ላይ ብቻ ያስገቡት። ላንድክሩዘር 200 ሁልጊዜ በአራቱም ስለሚነዳና የመሐል ዲፈረንሻል ስላለው ይህ አይመለከተውም፤ የመሐሉን ቆልፎ አስፋልት ላይ መንዳት ግን እሱንም ይጎዳዋል።

«ደንግ» የሚለው ብዙ ጊዜ የኋላው ዘንግ ተንሸራታች ክፍል ደርቆ ነው። ግራሶ መውሰጃ ኒፕሎቹን በጨርቅ ጠርገው፣ አሮጌው ግራሶ በመስቀሎቹ (በዘንጉ ጫፍ ባሉት መገጣጠሚያዎች) ጠርዝ እስኪወጣ ይሙሉ፤ ተንሸራታቹን ግን በልክ፣ ከበዛበት ይገፋል። በየ5,000 ኪ.ሜ. ይደገም፤ ጎርፍ ውሃ ከተሻገሩ ደግሞ በዚያው ሳምንት። ግራሶ ተሞልቶም ካልጠፋ መስቀሎቹን በእጅ ወዝውዘው ይዩ፤ የሚነቃነቅ ካለ ይቀየር።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ጠቅልዬ ልገባ ነው። እዚህ ጥሩ ፓትሮል በርካሽ አለ፤ ገዝቼ ልላከው?

መልስ፦ አሁን አይግዙ። ከላይ የጠቀስነው ክልከላ አለ፤ «እኔ አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ ቃል ዋስትና አይሆንም። ከክልከላው ውጭ የሚያደርግዎት ነገር አለ ብለው ካመኑ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተሩን መጠንና የተመረተበትን ዓመት ጽፈው ለጉምሩክ ኮሚሽን ያቅርቡና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት የሞተር መጠንና ዕድሜ ሲጨምር ታክሱም ይጨምራል፤ 5.6 ሊትር ያገለገለ መኪና በሁለቱም በኩል ይመታል። ጽሑፉ በእጅዎ ሳይገባ ቀብድ አይክፈሉ።