መድኃኒቱ ከተገኘ ምን የሚመረመር ቀረ?

እህቴ፣ «በሕብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ጨርሻለሁ፣ ኤችአይቪ መከላከል ላይ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ፣ ግን ክኒኑም መርፌውም ተገኝቶ ምን የሚመረመር ቀረ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እዚሁ ሥራ ላይ ዓመታት ስለቆየሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ብዙ ቀርቷል። ዋናው ደግሞ የተገኘው ነገር ለማን አልደረሰም የሚለው ነው።

ፕሬፕን እንይ። ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት ነው። በኬንያና በኡጋንዳ አንዳቸው ቫይረሱ ባለባቸው ጥንዶች ላይ በተደረገ ጥናት (ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ) ክኒኑ አዲስ መያዝን 75 በመቶ ቀነሰ። ቮይስ በተባለው ጥናት ደግሞ፣ ከ5,000 በላይ የደቡብ አፍሪካ፣ የኡጋንዳና የዚምባብዌ ሴቶች በተሳተፉበት፣ ያው ክኒን ምንም አልፈየደም። ሴቶቹ ሲጠየቁ 90 በመቶ ያህል እየወሰዱ እንደሆነ ነበር የሚናገሩት። ደማቸው ሲታይ ግን መድኃኒቱ የተገኘው ከ30 በመቶ በማይበልጡት ናሙናዎች ላይ ነው።

«ዋሽተዋል» ብለሽ እንዳታልፊ። በኋላ የደም ውጤታቸውን እያሳዩ በእርጋታ ሲያነጋግሯቸው ነገሩ ወጣ። የጎንዮሽ ጉዳት ፈርተዋል። ክኒኑ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች የሚወስዱት ዓይነት ስለሆነ «ታማለች» እንዳይባሉ ሰግተዋል፣ አንዳንዷን የትዳር ጓደኛዋ ከልክሏታል፣ ከተሳታፊ ወደ ተሳታፊ የሚዞር ወሬም ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሰሽ «መድኃኒትሽን በደንብ ትወስጃለሽ?» ስትዪ ማን «አይ» ይልሻል? እኔ አዲስ ተመራማሪ ሲመጣልኝ፣ ዲግሪው ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ነው የማሠራው። አንዳንዱ ይከፋዋል፤ ይክፋው። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ያላወራ ሰው የሚያወጣው መጠይቅ ያስታውቃል።

ፍትሐዊነትን ብዙ ሰው ፕሮፖዛሉ መጨረሻ ላይ በአንድ አንቀጽ ይለጥፈዋል። ነገሩ የሚወሰነው ግን ተሳታፊ ሲመረጥ ነው። በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዴስኮቪ የተባለውን ክኒን ለፕሬፕ ሲፈቅድ፣ በሴት ብልት በኩል ለሚጋለጡ ሰዎች አልፈቀደም። ለምን ቢባል፣ ጥናቱ ውስጥ አልነበሩማ! በ2024 ውጤቱ የተነገረው ሌናካፓቪር በተቃራኒው መጀመሪያውኑ በወጣት ሴቶች ላይ ተሞከረ፤ በዓመት ሁለቴ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። ያረገዙትም ከጥናቱ አልተባረሩም፣ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። አሁን ደግሞ መርፌው ክሊኒክ መምጣት ለማይችሉት፣ መታወቂያ ለሌላቸው፣ መታየት ለሚፈሩት እንዴት ይድረስ? ይኸውልሽ፣ የሚመረመር ሞልቷል።

ስታቲስቲክስን አትሽሺ። አር ወይም ስታታ ከሚባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች አንዱን በደንብ ያዢ። በተለይ ከጥናት መሃል የጠፉ ሰዎችን ዳታ እንዴት እንደምታስተናግጂ ተማሪ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፉት በጣም የተጋለጡት ናቸውና እነሱን ዘልለሽ ያወጣሽው ውጤት ያታልልሻል።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ ኮንትራት በኮንትራት የሚኬድበት ሕይወት ነው። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም የተጀመሩ ጥናቶች መሃል ላይ ተቋርጠዋል፣ ሰው በአንድ ጀምበር ሥራ አጥቷል። ስለዚህ በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ አትንጠልጠይ፤ ቲቢም ሆነ የእናቶች ጤና ላይ የሚያሠራ ክህሎት ያዢ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ምን ነበር? እዚሁ ጻፊልኝና በምን ዓይነት ቡድን ብትጀምሪ እንደሚሻል እናወራለን።