ጭን ላይ ያለ እብጠት፦ መጀመሪያ ኤምአርአይ ወይስ ማስወጣት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ወንድምሽ ጭኑ ላይ እብጠት አለው፤ አያመውም፣ ግን እያደገ ነው። አልትራሳውንድ ተነስቶ ሐኪሙ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል) አዘዘ። ዘመድ ደግሞ «ስብ ነው፣ ዝም ብሎ ይውጣ፣ ብር አታባክኑ» ይላል። እኔም የዛሬ አራት ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የኔ ከጉልበቴ በላይ በውስጥ በኩል ነበር። ስለማያመኝ ናቅኩት። አንድ ክሊኒክ በእጅ ዳሰስ ዳሰስ ተደረገና «ሞራ ነው» ተባልኩ። ማደንዘዣ ተወጋሁ፣ ወጣልኝ፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ደግነቱ የወጣው ነገር ለፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ፣ ተልኮ ነበር። ውጤቱ ሳርኮማ፣ ማለትም ከጡንቻ፣ ከስብና ከመሳሰሉት የሚነሳ ካንሰር፣ ሆኖ መጣ።

የካንሰር ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከመውጣቱ በፊት የተነሳኸው ምስል የታለ?» ብሎ ነው። ምን ልበል? ኤምአርአይ ያን ጊዜ ተነሳሁ። ግን የቁስሉ እብጠትና የረጋው ደም ከቀረው ዕጢ ጋር ተደባልቋል። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ በደንብ አይለይም። ስለዚህ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ጠባሳውንም ጡንቻውንም ጨምሮ ሰፋ ተደርጎ ተቆረጠ። ቀጥሎ ጨረር። ደረጃ ስወርድ እስካሁን አነክሳለሁ።

አልትራሳውንድ ጥሩ መነሻ ነው። ውሃ የቋጠረ ይሁን ሥጋ፣ ደም ይዘዋወርበት አይዘዋወርበት ያሳያል። ቆዳ ሥር ያለ ትንሽ የስብ ዕጢ ከሆነ እዚያው ላይ ሊያልቅ ይችላል። ወደ ውስጥ የገባውን ግን ሙሉውን አያሳይም። ኤምአርአይ የትኛው ጡንቻ ውስጥ እንዳለ፣ ከደም ሥሩ፣ ከነርቩና ከአጥንቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያወጣዋል። ስብን የሚያጠቁር አነሳስም አለው። እብጠቱ በሙሉ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ጋር እኩል ከጠቆረ ደስ ይላል። ውስጡ ሳይጠቁር የቀረ ቦታ ወይም ወፍራም ግድግዳ ካለ ግን ሐኪሙ ይጠረጥራል። ራጅንም አትናቂው፤ ርካሽ ነው፣ አጥንት ተነክቶ እንደሆነ ይጠቁማል። የደረት ሲቲ ስካን የሚመጣው ሳርኮማ መሆኑ ከታወቀ ነው፤ ይህ በሽታ ሲሰራጭ ብዙውን ጊዜ ወደ ሳንባ ስለሚሄድ።

ኤምአርአይ ግን የበሽታውን ስም ቆርጦ አይነግርሽም። እሱ ከእብጠቱ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ሥራ ነው። ናሙናው ከምስሉ በኋላ ይወሰድ፤ መርፌው የሚገባበትንም ቦታ ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ቢመርጠው ይሻላል። መርፌው ያለፈበት መንገድ አብሮ ሊቆረጥ ይችላላ!

ወንድምሽ ሰውነቱ ውስጥ ብረት፣ የጥይት ፍንጣሪም ቢሆን፣ ካለ ቀድሞ ይናገር። የኩላሊት ችግር ካለበትም እንደዚያው፤ ምስሉን የሚያጎላ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። እኔ ግማሽ ሰዓት አልፎኛል፣ አፍንጫዬን ሲበላኝ እንኳ ማከክ የለም። ሲወጣ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ተቀበሉ። የኔ ሐኪም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ ምስሉን ራሱ ነው ያየው።

አሁን የአልትራሳውንዱን ወረቀት አውጪና እይው። ከ5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ከጡንቻው ሽፋን በታች ነው ይላል? እዚሁ ጻፊልኝ፤ አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ የኤምአርአይ ቀጠሮውን ነገውኑ ያዙ።