ቲጄ፣ አልጀብራና የነጻ ምሳ ቅጽ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ቲጄ» ስለሚለው የቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ከ1985 ጀምሮ ተማሪዎቹን መርጦ የሚቀበል፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ የሚያስተዳድረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ በጎረቤት ላይ የተጻፈውን ስድብም አውጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት እናት የትምህርት ቤቱ አድራሻ «አሌክሳንድሪያ» ስለሚል የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የሆነች ልጃቸው እንደምትገባ እርግጠኛ ናቸው። ካልሆነም ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ አናንዴል ያለች እኅታቸውን አድራሻ ለመጠቀም አስበዋል።

ፖስታ ቤቱ የሚያውቃት አሌክሳንድሪያ ከከተማ አስተዳደሩ ትሰፋለች። ትምህርት ቤቱ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። የሚቀበለውም የፌርፋክስ፣ የአርሊንግተን፣ የላውደንና የፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲዎችን እንዲሁም የፌርፋክስና የፎልስ ቸርች ከተሞችን ልጆች ነው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ የለችበትም። የመኪና ግብርዎን ለማን እንደሚከፍሉ ይመልከቱ፣ መልሱን እዚያ ያገኙታል። የእኅትዎን አድራሻ ግን ለእኅትዎ ይተዉላቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የወንድሜ ልጅ ማመልከት ይችላል?

አይችልም፣ ሜሪላንድ ነው። የሞንጎመሪ ብሌየር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፋችሁ ላይ እያለ ወንዝ መሻገር ምን አመጣው? የሒሳብ፣ የሳይንስና የኮምፒውተር ልዩ ፕሮግራሙ («ማግኔቱ») የቲጄ እኩያ ነው።

አንድ አባት «አንደኛ የነበረ ትምህርት ቤት አሥራ አራተኛ ሆነ፤ ፈተናውን ያነሡት ዕለት አበቃለት» ይላሉ። ጥያቄ አልጠየቁም፤ እኔ ግን እመልሳለሁ።

ቁጥሩ ልክ ነው። ለትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ደረጃ የሚያወጣው ዩኤስ ኒውስ በ2022 አንደኛ፣ በ2023 አምስተኛ፣ በ2024 አሥራ አራተኛ አድርጎታል። ነገር ግን ደረጃው የሚወጣው ዓመታት ባለፉት መረጃ ነው። ትልቁን ክብደት የሚይዘውም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኤፒ በሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ፈተናዎች ያገኙት ውጤት ነው። ፈተናው በ2020 ከተነሣ በኋላ በአዲሱ አገባብ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች የተመረቁት በ2025 ነው። ስለዚህ በ2024ቱ ደረጃ የተለኩት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው በአሮጌው ፈተና የገቡ ናቸው። ጥፋቱን ገና ባልተቆጠሩት ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ተቺዎቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በአዲሱ መንገድ ከገቡት የመጀመሪያ ልጆች መካከል በፈተና ውጤት ለሚለየው የናሽናል ሜሪት የስኮላርሺፕ ውድድር የግማሽ ፍጻሜ የበቁት ከቀዳሚዎቻቸው በግማሽ ያህል አንሰዋል። ይህ ሊያስገርም አይገባም። በፈተና የሚመርጥ ትምህርት ቤት ፈተና የሚችሉ ልጆችን ይሰበስባል፤ ከዚያም ውጤታቸው ከፍ አለ ብሎ ይመሰገናል። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በቦስተንና በኒው ዮርክ እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ያለፉትን ለጥቂት ከወደቁት ጋር አወዳድሮ፣ በኋላ ባመጡት ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ደረጃው ስለ መምህራኑ የሚነግርዎት በጣም ጥቂት ነው።

«ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ለቲጄ የሚያዘጋጅ ጎበዝ አስጠኚ ይጠቁሙኝ።» ከሎርተን።

አልጠቁምም። እኛ በማትሪክ ያደግን ወላጆች፣ በር ባየን ቁጥር ከፊቱ ፈተና ያለ ይመስለናል። እስከ 2020 ድረስ ቲጄም እንደዚያ ነበር፤ ፈተናው ነበር፣ የ100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ነበር፣ ለፈተናው ብቻ የሚያሠለጥኑ ድርጅቶችም ነበሩ። በዚያ ዓመት ማብቂያ የትምህርት ቦርዱ ፈተናውንም ክፍያውንም አነሣ። አሁን የሚታየው ቢያንስ 3.5 አማካይ ውጤት፣ ኦነርስ የሚባሉት ከፍ ያሉ ትምህርቶች፣ በስምንተኛ ክፍል ቢያንስ አልጀብራ አንድ፣ ከዚያም ልጁ ራሱ ሰዓት ተይዞበት የሚጽፋቸው ጽሑፎች ናቸው። በየዓመቱ 550 ያህል ልጆች ይገባሉ። እያንዳንዱ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ቁጥር 1.5 በመቶ ያህል ቦታ ተይዞለታል፤ 500 የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካለ ሰባት ወይም ስምንት ልጅ ማለት ነው። የቀረው ቦታ ለሁሉም ክፍት ውድድር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል በመጨረሻው ዓመት ተሯሩጠው የማያመጡት አልጀብራውን ነው። ልጅ በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ላይ የሚደርሰው በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል በየትኛው የሒሳብ ክፍል እንደተመደበ ታይቶ ነው። ብዙዎቹ አመልካቾች አልጀብራን በሰባተኛ ጨርሰው በስምንተኛ ጂኦሜትሪ ላይ ናቸው። ቲጄ ከገቡም በኋላ ካልኩለስ ሳይማሩ መመረቅ የለም፤ ዘግይቶ የጀመረ ልጅ አራቱን ዓመት ሲሮጥ ይከርማል። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ ጉዳይ የሚወሰነው ከሦስት ዓመት በኋላ በማመልከቻው ሳይሆን ዘንድሮና በሚመጣው ዓመት፣ ማንም ቲጄ የሚል ቃል በማያነሣበት ስብሰባ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚሸነፈው። መምህርን ማክበር ወግ ሆኖ ስላደግን ልጁን ለመምህሩ አስረክበን «እርሱ ያውቃል» ብለን እንሄዳለን። ሌላው ወላጅ ይጠይቃል፦ ልጄ የሚመጣው ዓመት የትኛው ሒሳብ ውስጥ ነው? ለምን እዚያ? ወደ ላይኛው ለመግባት ምን ጎደለው? ለምዘና በወላጅ ጥያቄ ማቅረብ እችላለሁ? ተከልክሎ ከሆነስ ይግባኝ እስከ መቼ ነው? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ለዚህ ሥራ የተቀመጠው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጥያቄውን የሚሰማው በየቀኑ ነው፤ ከእኛ ወገን ግን ጠያቂው ጥቂት ነው።

እንግሊዝኛዬ አይበቃም የሚሉም አሉ። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ፌርፋክስ ደግሞ አማርኛን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይዞታል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፣ ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት። የአሥር ዓመት ልጅ «መምህሯ ጥሩ ነህ አለች» ብሎ ሊተረጉም ይችላል፤ እርሷ ያለችው ግን «የቤት ሥራ አያመጣም» ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ካለዎትና ልጁ ክፍልፋይ ላይ የሚንገዳገድ ከሆነ አስጠኚ ይቅጠሩ። ለክፍልፋዩ።

ልጃቸው ቲጄ ዘጠነኛ ክፍል የገባላቸው እናት፦ ምሳ ላይ አንድ ጓደኛው «አንተ የገባኸው በኮታ ነው» ብሎታል። ልጁ ከዚያ ወዲህ እጁን አያወጣም። ምን ልበለው?

እውነቱን ይንገሩት። ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች ስሙን፣ ዘሩንም ሆነ ጾታውን አያዩም፤ የሚያዩት ቁጥር ነው። ለጥቁር ልጆች የተቆጠረ ወንበር የለም።

የተለወጠውን ያህል ግን ተለውጧል። በ2020፣ በመጨረሻው የፈተና ዓመት፣ ቦታ ከተሰጣቸው 486 ልጆች 73 በመቶ ያህሉ እስያውያን ነበሩ። የጥቁር ልጆች ቁጥር ከአሥር በታች ስለነበረ በይፋ እንኳን አልወጣም። ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት አንድ በመቶ አልሞሉም። በሚቀጥለው ዓመት እስያውያን 54 በመቶ፣ ነጮች 22፣ ሂስፓኒኮች 11፣ ጥቁሮች 7 በመቶ ያህል ሆኑ፤ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ደግሞ 25 በመቶ ደረሱ። ክርክሩ ላይ የማይነሣ ቁጥርም አለ። የአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ እስያውያን ልጆች ከአንድ ወደ 51 አድገዋል።

አዲሱን አገባብ የተቃወሙት ወላጆች በ2021 ከሰሱ። በ2022 የፌዴራል ዳኛው አሠራሩ እስያውያንን ለመቀነስ የታለመ ነው ብሎ ፈረደላቸው፤ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአንድ ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በየካቲት 2024 ጉዳዩን ሳያይ አለፈው። በ2025 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ ምርመራ ከፍቷል። ስለዚህ ነገሩ ሞቷል አልልም። የእነዚያን ወላጆች ቁጣም አላናንቅም። እንደ እኛው ስደተኞች ናቸው፤ ሕጉን ተከትለው ልጃቸውን ዓመታት ሲያዘጋጁ በመካከሉ ሕጉ ተለወጠባቸው። ምሳ ላይ የተናገረው ልጅም የሰማውን የደገመው ከቤቱ ይሆናል። የእርስዎ ልጅ ግን በዚህ ክስ ተከሳሽ አይደለም። 3.5ቱን ያመጣውም፣ ጽሑፉን የጻፈውም እርሱ ነው።

በየቤተ ክርስቲያኑ ቡና ላይ «ልጆቻችን ቲጄን ሞሉት» ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። የእኛ ልጆች የሚቆጠሩት ጥቁር በሚለው ረድፍ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከኢትዮጵያ፣ ስንቱ ከጋና፣ ስንቱ ደግሞ እዚሁ ለትውልዶች የኖረ መሆኑ ተለይቶ አይወጣም።

ቅጹ ላይ ዘር ሲጠየቅ የትኛውን ማመልከቱ ያዋጣል?

እውነቱን ያመልክቱ። አንባቢዎቹ አያዩትም ብያለሁ።

«ባለቤቴ ለነጻ ምሳ መመዝገብ ውርደት ነው ይላል። ለቲጄ ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው። ልጁ በገቢ ምክንያት ለነጻ ወይም ለቅናሽ ምሳ ብቁ መሆኑ፣ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር መሆኑ፣ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ማግኘቱና ከዚህ በፊት ብዙ ልጅ ከማይልክ መካከለኛ ትምህርት ቤት መምጣቱ በምዘናው ይታሰባሉ። በኩራት ምክንያት ያልተሞላው ቅጽ ልጁን ድሃ ከመሆን አላዳነውም፤ ድሃ መሆኑን ብቻ ደበቀበት። ለባለቤትዎ ግብሩን የሚከፍሉት እናንተ መሆናችሁን ይንገሩልኝ። ወረቀታችሁ በሂደት ላይ ከሆነ ግን ማንኛውንም የመንግሥት ቅጽ ከመፈረም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ። የፍልሰት ሕግ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የእኔ ቃል ለዚህ አይበቃም።

ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ማመልከት ይችላል?

ይችላል፣ አልጀብራውና ውጤቱ ካለው። ከአገር ቤት የመጣው የትምህርት ማስረጃ እንዴት እንደተመነዘረ አማካሪውን ይጠይቁ። በዘጠነኛ ካልሆነም ለአሥረኛ ክፍል የሚያመለክቱ አሉ።

ልጃቸው ቲጄ አሥረኛ ክፍል የሆነች እናት፦ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ትሠራለች፣ ምግብ ትታለች። ባለፈው ሳምንት «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» አለች። አባቷ ስንፍና ነው ይላል። በጸሎት እየያዝናት ነው።

ይህን ደብዳቤ ሳነብ ሌላውን ሁሉ ትቼ ነበር። ስንፍና አይደለም። ዛሬ፣ ነገ ሳይሉ፣ ለሐኪሟ ይደውሉ። ያንን ቃል ደግማ ካለች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለያዛቸው ወደሚረዳው መስመር፣ ወደ 988 ይደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ራሷን ልትጎዳ ነው ብለው ከፈሩ 911 ይደውሉ፣ ብቻዋንም አይተዉአት። በቀጥታ ይጠይቋት፤ ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። ጸሎቱ ይቀጥል፣ ጸበሉም አይቅር፤ ግን ሐኪም ሳያያት አይቆዩ። ቲጄን ትቶ ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት መመለስ የተለመደ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። ሰው ምን ይላል የሚለውን ለእኔ ይተዉልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዐምድ እሰድበዋለሁ።

በመጨረሻ፦ ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነው። ካህኑ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉለት ይረዳዋል?

የድጋፍ ደብዳቤ የሚቀበሉበት ዘመን አልፏል፤ ካህኑን አያድክሙ። ልጁ ስለ ራሱ በሚጽፈው ውስጥ ግን ከሌሎች ጋር ስለ መሥራት ይጠየቅ ይሆናል። ሃያ ዘማሪ በአንድ ምት መያዝ ምን እንደሚጠይቅ እርሱ ራሱ ይጻፈው። በእንግሊዝኛ፣ ያለ እርስዎ እርማት።