«ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የተባለው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፍልዎ። በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ስለ ድህነት ተነሥቶ ነገሩ ወደ ፖለቲካ ዞረ። አንዱ ወንድማችን የነጻ ገበያ ደጋፊ ነው። «መንግሥት እጁን ይሰብስብ። ድሃን መርዳት የግል ጽድቅ እንጂ የፖሊሲ ጉዳይ አይደለም። ጳውሎስ ‹ሊሠራ የማይወድ አይብላ› ብሏል፤ ጌታም ‹ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው› ብሏል» አለ። አንዲት እኅት ደግሞ ተነሥታ «ሐዋርያት ሁሉን በጋራ ነበር የያዙት፤ ክርስቲያን ሆኖ ነጻ ገበያ ብሎ ነገር የለም» አለች። ሁለቱም ጥቅስ አላቸው። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ደግሞ ራሴ ነጋዴ ነኝ። ትንሽ ሥራ ከፍቼ ሦስት ሰዎች ቀጥሬአለሁ (ገበያው ቀዝቅዞ ያለፈው ወር ደሞዛቸው ገና ነው እንጂ)። ክርስቲያን የትኛውን ወገን ይያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ጥናታችሁ ሞቅ ብሎ እንደነበር ከደብዳቤህ ገባኝ። ደስ ይላል። ጥቅስ ከቦታው ሲነቀል ግን ለፈለገው ሁሉ በትር ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቅሶቹን ወደ ቦታቸው እንመልሳቸው።

ከጳውሎስ ልጀምር፤ ብዙ የሚንገላታው እሱ ነውና። በሁለተኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 3 ላይ የተጻፈው «ሊሠራ የማይወድ» የሚል ነው። «ሥራ ያጣ» አይልም። በተሰሎንቄ ሥራቸውን ትተው በሰው ጉዳይ ውስጥ የሚገቡ፣ የሰው እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ቃሉ ለእነሱ ነው። ጳውሎስ ራሱ ሌሊትና ቀን በእጁ እየሠራ ስለኖረ እንዲህ ለማለት አፍ ነበረው። ያ ወንድማችን ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ቢያነብ ግን «መልካም ሥራን ለመሥራት አትታክቱ» የሚለውን ያገኝ ነበር። ይኸው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ገንዘብ ሲያሰባስብ እንደነበርም አንርሳ።

ስለ ሥራ ፈትነት ካነሣን፣ እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ሌላ ቦታ አለ። ማቴዎስ ምዕራፍ 20። የወይኑ ባለቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል ወጥቶ ቆመው የሚውሉ ሰዎች አገኘ። «ስለ ምን ሥራ ፈትታችሁ ቀኑን ሁሉ በዚህ ትቆማላችሁ?» አላቸው። መልሳቸው አጭር ነው፦ «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው።» አልተከራከራቸውም። «ጠዋት ተነሥታችሁ ብትሆኑ ኖሮ» አላላቸውም። አመናቸው። ማታም የአንድ ቀን ዋጋ ከፈላቸው። ምሳሌው የመንግሥተ ሰማያት ምሳሌ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሠራተኛ አዋጅ ላደርገው አልፈልግም። ነገር ግን ጌታችን ሥራ አጥቶ የሚውል ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቅ ነበር። እኛ ድሃ ስናይ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው ቃል «ሰነፍ» ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን «አንተ ሰነፍ» ሲል እኮ ሰነፍ ያለው ሞኝ ለማለት ነው። ሉቃስ 12 ላይ እንዲህ የተባለው ማን መሰለህ? ጎተራ የሞላለት ሀብታም ነው።

«ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» የሚለውማ ይብሳል። ማርቆስ 14 ላይ ጌታ ቀጥሎ «በማናቸውም በወደዳችሁት ጊዜ መልካም ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ» ይላል። ቃሉ የተነሣው ከዘዳግም 15 ነው። እዚያ «ድሃ ከምድሪቱ አይጠፋም» ካለ በኋላ «ስለዚህ ተዉት» አይልም፤ «እጅህን ክፈት» ብሎ ያዝዛል። ምዕራፉ የሚጀምረው ደግሞ በምን ነው? በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲሰረዝ በሚያዝዝ ሕግ። ድህነት የፖሊሲ ጉዳይ አይደለም ለማለት የተጠቀሰው ቃል የመጣው ከዕዳ ስረዛ ሕግ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ እኅታችን እንምጣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እና 4 ምእመናን ያላቸውን እየሸጡ ለሁሉ ያካፍሉ እንደነበር እውነት ነው። አሳዛኙ ነገር ይህን ንባብ «ያኔ ነበር እኮ» ብለን በቀላሉ ማለፋችን ነው። ግን ማንም አላስገደዳቸውም። ጴጥሮስ መሬቱን ሸጦ ከዋጋው በስውር ያስቀረውን ሐናንያን «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?» አለው። የተቀጣው ስለዋሸ ነው። ሁሉን መንግሥት ይያዘው የሚል ሰው ደግሞ የዮሴፍን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያንብብ። ዘፍጥረት 41 ላይ ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ከእህሉ አምስተኛውን እጅ አከማችቶ ሕዝቡን ከሞት አዳነ። ዘፍጥረት 47 ላይ ግን ያው ሕዝብ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ ቀጥሎ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጦ ጨረሰ። ጎተራው አዳነው፤ የጎተራው ጌታ ደግሞ ባሪያ አደረገው። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም በድሃ ስም እህል የወረሱ መንግሥታት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 እና 1933 በሶቪየት ኅብረት በረሃብ ያለቁት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አብዛኞቹ እህል አምራች ገበሬዎች ነበሩ።

ስለ ንግድም እውነቱን እንነጋገር። መጽሐፍ ቅዱስ ነጋዴን አይጠላም። ምሳሌ 11፥26 እህል የሚደብቅን ሰው ሕዝብ ይረግመዋል ይላል፤ በረከቱንስ ለማን ሰጠው? ለሚሸጠው። በነጻ ለሚያድለው አላለም። በችግር ጊዜ ዕቃውን አውጥቶ የሚሸጥ ሰው የተባረከ ነው። በዘመናችንም ቢሆን በዓለም ባንክ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1990 ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በከፋ ድህነት ይኖር ነበር፤ በ2015 ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዙት ኢኮኖሚያቸውን ለገበያ የከፈቱት ቻይናና ሕንድ ናቸው፤ በእርግጥ እዚያም የመንግሥት እጅ ነበረበት። ይህን ያህል ሰው ከረሃብ ሲወጣ ክርስቲያን አፉን አያጣምምም፤ ያመሰግናል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ገበያ የሚሰማው ገንዘብ የያዘን ሰው ብቻ ነው። አንዱ ለውሻው ምግብ ሲፈልግ ገበያው ይሰማዋል፤ ገንዘብ ያለቀባት እናት ለልጇ ወተት ስትፈልግ አይሰማትም። ይህ የክፋት ጉዳይ አይደለም። ሚዛን ሽታ አይለካም፤ እንደዚያ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ሚዛኑ ያልለካውን «የለም» ስንል ነው።

የሙሴ ሕግ እዚህ ላይ የሚያደርገውን ልብ በል። መሬቱን ከባለቤቱ አይነጥቅም። ግን ዘሌዋውያን 19 «ስታጭዱ የእርሻችሁን ዳር ፈጽማችሁ አትጨዱ፤ ቃርሚያውንም አትልቀሙ» ይላል። ለድሃና ለመጻተኛ ይቀራል። አስበው። ማንኛውም የሂሳብ ሰው ማሳው ዳር ላይ እህል ትቶ መሄድ ብክነት ነው ይልሃል። ሕጉ ያንን ብክነት ያዝዛል። ደግሞ ልመና አይደለም። መጻተኛዋ መበለት ሩት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ቃረመች፤ ማታ ወቅታ አንድ የኢፍ መስፈሪያ (ሃያ ሊትር ገደማ) የሚያህል ገብስ ይዛ ገባች። ላቧ አለበት። የማሳው ባለቤት ቦዔዝ ጎልማሶቹን ከነዶው እያስቀሩ እንዲጥሉላት፣ እንዳይወቅሷትም አዘዛቸው። አየህ፣ ክብሯንም ጠበቀላት። ዳሩን ማስቀረት ግን የቦዔዝ ደግነት አልነበረም፤ ሕግ ነበር። «ድሃን መርዳት የግል ጽድቅ ብቻ ነው» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ማሳ ዳር ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ዘዳግም 24 ነው። ወፍጮንና መጁን መያዣ አድርገህ አትውሰድ ይላል፤ ሰውየው የሚኖርበትን ነገር ወሰድክ ማለት ነውና። ቀጥሎ አበዳሪው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል። ወደ ቤቱ አትግባ። ውጭ ቁም። ባለዕዳው ራሱ ያወጣልሃል። እስቲ በዓይነ ኅሊናህ ሳለው። አበዳሪው ሕጋዊ ነው፤ ገንዘቡ የእሱ ነው፤ ውሉም ትክክል ነው። ግን ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ባለዕዳው ልጆቹ ፊት ቤቱ አይበረበርም። የትኛውን ዕቃ እንደሚሰጥ የሚመርጠው እሱ ነው። የሰጠው መጎናጸፊያውን ከሆነም ለብሶት እንዲተኛ ፀሐይ ሳትገባ ይመለስለታል። እግዚአብሔር ንግዱን አልከለከለም፤ ብድሩንም አልሻረም። ደጃፉ ላይ ግን መስመር አሰመረ።

አባቶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ360ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ (በዛሬዋ ቱርክ ያለች ከተማ) በድርቅ ተመታች። የቅዱስ ባስልዮስ ወዳጅ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እንደሚነግረን ከተማዋ ከባሕር የራቀች ስለነበረች እህል ከሌላ ቦታ ቶሎ ማስገባት አይቻልም ነበር። እህል ያላቸው ደግሞ ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። ዋጋ ሲወጣ አቅርቦት ይመጣል የሚለው ትምህርት በብዙ ቦታ ይሠራል፤ መንገድ በሌለበት ግን የሚመጣው ሞት ብቻ ነው። ያኔ ባስልዮስ የከተማዋ ካህን ነበር፤ ገና ጳጳስ አልሆነም። ስለዚያ የሉቃስ 12 ባለ ጎተራ ሀብታም ሰበከና ጎተራዎቹን አስከፈተ፤ ራሱም ቆሞ ረሃብተኞችን አበላ። ያቆየኸው እንጀራ የተራበው ነው፣ ቆልፈህ ያስቀመጥከው ልብስ የታረዘው ነው ይላቸው ነበር። ለባስልዮስ መስጠት ማለት የባለቤቱን ንብረት መመለስ ነው። ዛሬ ይህን የሚል ሰባኪ «ፖለቲከኛ» ይባላል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ቀን ስለ ያዕቆብ መልእክት አስተምሬ ስወጣ አንድ ሰው እጁን ዘረጋልኝ። «እግዜር ይስጥህ» ብዬ አለፍኩ። ኪሴ ውስጥ ግን ነበረኝ። ያስተማርኩት «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብቻ ብሎ ስለሚያሰናብተው ሰው ነበር። ቋንቋችን ይህን እንቢታ በእግዚአብሔር ስም ጠቅልሎ መስጠቱ አንዳንዴ ያስፈራኛል።

የትኛውን ወገን ልያዝ ላልከኝ፣ ፓርቲ አልመርጥልህም። ግብር ስንት በመቶ ይሁን፣ ድጎማ የቱ ላይ ይነሣ ለሚለው ጥቅስ አታገኝለትም፤ እሱን ከሚያውቁት ጋር ተከራከርበት። ክርስቲያኖችም በዚህ ላይ ተለያይተው በአንድ ማዕድ ሊቆርቡ ይችላሉ። አንድ ፖሊሲ ሲቀርብልህ ግን የማን ወፍጮ እንደሚወሰድ ጠይቅ። የማሳው ዳር ለማን እንደቀረም ጠይቅ። የገበያው ሰውም፣ የመንግሥት ሰውም ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ ጠርጥረው።

አሁን በቅንፍ ወዳስገባኸው ነገር ልመለስ። ገበያው መቀዝቀዙን አልጠራጠርም። ነገር ግን እዚያው ዘዳግም 24 ላይ፣ ስለ ወፍጮው ካለው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የሠራተኛን ደሞዝ ፀሐይ ሳትገባ ክፈል ይላል፤ ድሃ ነውና ነፍሱ እርሱን ትጠብቃለችና። ያዕቆብም ያልተከፈለ ደሞዝ ይጮኻል ይላል። ሁሉንም ባትችል ያለህን አካፍላቸው፤ ቀሪውን መቼ እንደምትሰጥ ቀን ቆርጠህ ንገራቸው። ሦስቱም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቆመው እየጠበቁህ ነው። እሱን ጨርስና ጻፍልኝ፤ ስለ ነጻ ገበያው ያኔ እንቀጥላለን።